የሚሰምጥ ፔዳል፦ የአንድ ሳሪስ ጋራዥ የፍሬን አገልግሎት ሲገመገም

በአዲስ አበባ ሳሪስ አካባቢ፣ ቢበዛ አራት መኪና በሚያቆም ጠባብ ግቢ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጋራዥ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ይህ ጋራዥ ለአሮጌ መኪኖች የሚሰጠውን የፍሬን አገልግሎት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ባለቤቱ «የመጣውን ሁሉ የማስተናግድበት ቦታ የለኝም፤ ስሜን አትጻፍብኝ» ስላሉኝ ነው። ቢሆንም ሥራቸው ሊጻፍለት የሚገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም በከተማችን ለስላሳ ፍሬን ይዞ ጋራዥ የገባ ባለመኪና ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ለዕቃ እንጂ ለምርመራ አይደለም፤ እኚህ ሰው ግን አንድ ቡሎን ሳይፈቱ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ አጥብበው ያገኙታል።

መኪናዬ ሁሉም ሰው ዲኤክስ ብሎ የሚያውቃት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ነች። የፊት እግሮቿ በዲስክ፣ የኋላዎቹ በታምቡር ፍሬን ይይዛሉ፤ ፍሬን ድንገት ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የሚባል ነገር የለባትም። የፔዳሉ ጠባይ እንዲህ ነበር፦ ሲረገጥ ምንም ሳይቃወም ከግማሽ በላይ ይወርዳል፤ መያዝ ከጀመረ በኋላም እንደ ሊጥ እየሰረጎደ ይሄዳል እንጂ ቁርጥ ብሎ አይቆምም። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ ብሎ ይጠነክራል፤ ትንሽ ቆይተው ሲመለሱበት ግን ያው እንደ ቀድሞው ነው። መኪናዋ መቆሙን ትቆማለች፤ ነገር ግን ሚኒባስ ታክሲ ሰው ለማውረድ ድንገት ፊት ለፊት በሚገተርበት መንገድ ላይ ፔዳል ደጋግሞ ለመርገጥ ጊዜ አይገኝም።

ከዚህ ቀደም የወሰድኳት ሌላ ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ እንዳየ «ማስተር ሲሊንደሩ ሞቷል» የሚል ፍርድ ሰጠ፤ የፔዳሉን ግፊት ወደ ፍሬን ዘይቱ የሚያስተላልፈው ክፍል ማለቱ ነው። ማስተሩ ተለወጠ፤ ዲስኩን የሚቆነጥጡት የፊት ካሊፐሮችም ወርደው ታጠቡና ተመልሰው ታሰሩ፤ ከዘይቱ ውስጥ አየር ደጋግሞ ወጣ፤ ፔዳሉ ግን ይባስ ለሰለሰ። ምክንያቱን ስጠይቅ «አሮጌ መኪና ናት፤ ከዚህ በላይ አትጠነክርም» ተባልኩ። ይህ መልስ በፍጹም ልክ አይደለም። የፍሬን ዘይት በእግር ጉልበት አይጨመቅም፤ የሚጨመቀው በውስጡ የቀረ አየር ነው፤ የሚለጠጠው ያረጀ የጎማ ቱቦ ነው፤ ባዶ ርቀት የሚፈጥረው ደግሞ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር የራቀ፣ እሱን እየተጫነ የሚያቆመው ሸራ ነው። ዕድሜ ብቻውን ፔዳል አያለሰልስም፤ ዕድሜ ያመጣው አንድ የተለየ ጥፋት አለ፤ እሱን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የመካኒኩ ሥራ ነው።

የሳሪሱን ጋራዥ ባለቤት ሠራተኞቻቸውም ደንበኞቻቸውም ጋሼ ነው የሚሏቸው። መጀመሪያ የመረመሩት መኪናዋን ሳይሆን እኔን ነበር። «ዘይቱ ይጎድልብሃል?» «የሚብሰው ጠዋት ቀዝቅዛ ሳለች ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ?» «እግርህን ሳታነሳ ይዘኸው ብትቆይ እየወረደ ይሄዳል ወይስ ባለበት ይቆማል?» በመጨረሻም «ለመሆኑ ማን ነክቷት ነበር? ምኗን ፈታ?» አሉኝ። የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀኝ ሌላ መካኒክ አላስታውስም፤ ነገሩን የፈታውም እሱ ሆነ።

ጥያቄዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ በር የሚዘጉ ናቸው። የፊት ሸራ እያለቀ በሄደ ቁጥር የዘይቱ መጠን በዝግታ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ በፍጥነት የሚጎድል ከሆነ ግን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ በቸርኬዎቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወይም በታምቡሩ ጀርባ እርጥበት ካልታየ ደግሞ ከማስተሩ ኋላ የእግርን ጉልበት ወደሚያግዘው ሰርቮ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ የሚለሰልሰው ረጅም ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ ብቻ ሆኖ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ፣ ዘይቱ ውኃ ስቦ በሙቀት እየፈላ ነው። ተጭነው ሲይዙት ቀስ እያለ ወደ ወለል የሚወርድ ከሆነ ወይ መፍሰስ አለ፣ ወይ በማስተሩ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ግፊቱን መያዝ አቅቷቸው ዘይቱ በጎናቸው እያለፈ ነው። ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ፔዳል ግን ወደ ሁለት ነገሮች ያመለክታል፤ ወይ አየር አለ፣ ወይ የኋላ ሸራዎች ከታምቡሩ ርቀዋል። የእኔ መኪና ዘይት አይጎድላትም፤ ፔዳሏ ቀዝቅዛም ሞቃም ያው ለስላሳ ነው።

ሞተሩን አጥፍተው በሰርቮው ውስጥ የተጠራቀመው ቫኪዩም እስኪያልቅ ድረስ ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡ፤ ከዚያ ተጭነው ዝም ብለው ያዙት። እኔ በመስኮት አንገቴን አስግጌ እመለከት ነበር፤ ፔዳሉ ካረፈበት አልተንቀሳቀሰም። «ይሄ ማስተር ጤነኛ ነው፤ የቀደመውም ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም፤ የት አለ?» አሉኝ። የቀደመው አልተመለሰልኝም ነበር። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ይኸው ነው፤ የተለወጠ ዕቃ የባለመኪናው ንብረት ስለሆነ ተቀብሎ መሄድ ይገባል፤ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ የዱሮ ኦሪጅናል ማስተር ደግሞ ዛሬ ከሚሸጠው ብዙ አዲስ ዕቃ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሱ ሞተሩን ሲያስነሱ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ አለ። ይህ ሰርቮው እንደሚሠራ የሚያረጋግጥ ምልክት ነው፤ ብዙ ባለመኪና ግን «ሳስነሳት ፍሬኗ ይገባል» እያለ እንደ ብልሽት ያወራዋል። በዚህ አጋጣሚ ስለ ከፍታም መናገር ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ሰርቮ ደግሞ የሚያግዘው በዚህ ግፊትና በቫኪዩሙ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ከፍታ ፔዳልን የሚያከብድ እንጂ የሚያለሰልስ ነገር አይደለም፤ «የአዲስ አበባ አየር ነው» የሚለውን የጋራዥ ምክንያት የሰማ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ቀጥሎ ያደረጉት ሙከራ ማንኛውም ባለመኪና በቤቱ በር ላይ ሊሠራው የሚችል ነው። የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ሳቡና ፔዳሉን እንደገና ረገጡ። የእጅ ፍሬን የኋላ ሸራዎችን በሜካኒካል መንገድ ወደ ታምቡሩ ስለሚገፋቸው በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ይዘጋዋል፤ ክፍተቱ ሰፊ ከነበረ ፔዳሉ ወዲያው ከፍ ይላል። የእኔም በግልጽ ከፍ አለ፤ ነገር ግን ያ የመሰርጎድ ስሜት አልጠፋም። ይህ ማለት ጥፋቱ አንድ አልነበረም፤ ባዶው ርቀት ከኋላ ነው፣ ልስላሴው ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ቀደም ሲል የነበረው ጋራዥ ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ቆጥሮ አንድ መድኃኒት ፈለገላቸው፤ ስላልሠራም አልደነቀኝም።

ልስላሴውን ለመለየት ጋሼ የተጠቀሙበት ዘዴ ከአገልግሎቱ ሁሉ የበለጠ የወደድኩት ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ በድጋፍ ላይ ካረፈች በኋላ በየእግሩ ያሉትን ተጣጣፊ የጎማ ቱቦዎች ለዚሁ ተብሎ በተሠራ፣ መንጋጋው ክብና ለስላሳ በሆነ መቆንጠጫ አንድ በአንድ አሰሯቸው። ባዶ ፒንሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የቱቦውን ውስጠኛ ሽፋን ይሰብረዋል፤ አስቀድሞ የተሰነጣጠቀ ቱቦም በምንም ዓይነት መቆንጠጥ የለበትም፤ ለዚህም ሲሉ እያንዳንዱን ከመቆንጠጣቸው በፊት አጥፈው በባትሪ አዩት። ሁሉም በታሰረ ጊዜ ፔዳሉ ገና ከመረገጡ እንደ ድንጋይ ቆመ። ይህም ማስተሩንና የብረት ቱቦዎቹን ሙሉ በሙሉ ነጻ አወጣ። የኋላዎቹን ሲፈቷቸው ፔዳሉ ረዘም ያለ ርቀት ቢጓዝም መጨረሻው ላይ ጠንክሮ ይቆማል። የፊቱን የቀኝ ሲፈቱ መሰርጎዱ ተመለሰ፤ የግራውን ሲፈቱ ባሰበት።

ከዚያ ጎማውን አውልቀው ካሊፐሩን እንዳዩት ረዳታቸውን ጠሩና «የአየር ማስወጫዋ ቡሎን የት ነው ያለችው?» አሉት። ልጁ ጎንበስ ብሎ «ከታች» አለ። «አየርስ ወዴት ነው የሚሄደው?» ልጁ መልሱን ከመናገሩ በፊት ሳቀ። ካሊፐሮቹ ታጥበው በተመለሱ ጊዜ የቀኙ በግራ፣ የግራው በቀኝ ታስሮ ነበር። በሁለቱም ላይ ከላይ መሆን የሚገባት ቡሎን ከታች ሆናለች፤ አየር በዘይት ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ ቡሎኗ ሺህ ጊዜ ብትከፈት የሚወጣው ንጹሕ ዘይት ብቻ ነው፤ አየሩ በሲሊንደሩ አናት ላይ ተቀምጦ ይቀራል። አየር ያወጣው መካኒክ አረፋ የሌለው ዘይት አይቶ ሥራው አልቋል ብሎ መደምደሙ የሚገባ ነው፤ የሚያየው ቦታ ግን አየሩ ያለበት ቦታ አልነበረም።

የኋላ ታምቡሮቹ ሲከፈቱ የተገኘው የተጠበቀው ነገር ነው። የሸራዎቹን ርቀት በራሱ እያስተካከለ መሄድ የሚገባው ጥርሳም ቡሎን በዝገትና በሸራ ብናኝ ደርቆ አልዞር ብሏል፤ ሸራዎቹ ግን ገና ብዙ ይሠራሉ። ጋሼ የፍሬን ሲሊንደሮቹን የአቧራ መከላከያ ጎማ በጣታቸው ገለጥ አድርገው ከውስጡ እርጥበት መኖር አለመኖሩን ተመለከቱ፤ ደረቅ ነበር። ርጥብ ቢሆን ኖሮ ሲሊንደሩ መፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ከውጭ ሲታይ ደረቅ የሚመስል ሲሊንደር ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው በዚህች ትንሽ ምርመራ ነው። ረዳቱ ጥርሳሙን ቡሎን ሊያጥብ ናፍጣ ያለበትን ጣሳ ሲያነሳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙት። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ወይም የሞተር ዘይት የፍሬን ጎማን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ ወይ ይይዛል ወይ ያፈሳል፤ የእነዚህ ጠብታ እንኳ ወደ ፍሬን ሥርዓቱ ከገባ ጎማዎቹን በሙሉ ለመለወጥ ሊያደርስ ይችላል። ቡሎኑ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በጥቂቱ ተቀብቶ ተመለሰ፤ ሸራዎቹም ታምቡሩ ሲሽከረከር በስሱ እስኪነኩት ድረስ ተስተካከሉ።

በዚህ ቦታ ግን ቅሬታዬን ማቅረብ አለብኝ። ረዳቱ የታምቡሩን ብናኝ በኮምፕሬሰር አየር ነፍቶ ግቢውን ጭጋግ አለበሰው። የድሮ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ይሠራባቸው እንደነበር የታወቀ ነው፤ ዕድሜው በማይታወቅ ሸራ ላይ ይህን ማድረግ ለሠራተኞቹ ሳንባ አደገኛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ለጎማ ጤንነት ይህን ያህል የሚጨነቅ ጋራዥ ለሰው ሳንባም ሊጨነቅ ይገባው ነበር።

አየር የማውጣቱ ሥራ በእርጋታ ተሠራ። ካሊፐሮቹ በየቦታቸው ከገቡ በኋላ ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው እግር ተጀመረ፤ መሪዋ በግራ በኩል ስለሆነ እሱ የቀኙ የኋላ እግር ነው። የአንዳንድ መኪኖች ቅደም ተከተል ከዚህ ይለያል፤ መመሪያ መጽሐፋቸው የሚለውን መከተል ነው። በቡሎኗ ጫፍ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከሩት፤ አንዱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ሲረግጥ ሌላው ቡሎኗን ይከፍታል፣ ፔዳሉ ታች ሳይደርስ ይዘጋል፤ ፔዳሉ የሚነሳው ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። የፊት ግራው በተከፈተ ጊዜ በቱቦው ውስጥ መጀመሪያ ነጭ አረፋ፣ ቀጥሎ ረጃጅም የአየር ክፍተቶች፣ በመጨረሻም የአተላ ቀለም ያለው ዘይት ወጣ። ያን ሁሉ ጊዜ የታሰረው አየር መጠን አስገረመኝ።

ከፔዳሉ ሥር አንዲት የእንጨት ቁራጭ ተቀምጣለች፤ ፔዳሉ ወለል እንዳይነካ የምትከለክል ናት። ምክንያቱን ስጠይቅ በአሮጌ መኪና ማስተር ውስጥ ዘወትር የሚሠራበት ክፍል የጠራ ሲሆን፣ ፔዳሉ ደርሶበት የማያውቀው የመጨረሻው ክፍል ግን ዝገትና ቆሻሻ እንደሚይዝ አስረዱኝ። ፔዳሉ አየር ለማውጣት ተብሎ እስከ ወለል ሲረገጥ የማስተሩ ጎማዎች በዚያ ሻካራ ክፍል ላይ ተጎትተው ይቆረጣሉ፤ ለስላሳ ፍሬን ይዞ የገባ መኪና ከጋራዥ የሚሰምጥ ፔዳል ይዞ የሚወጣው አንዳንዴ በዚህ ነው። የእኔ ማስተር አዲስ ስለነበረ አስፈላጊ አልነበረም፤ ጋሼ ግን ልማዳቸውን ለማንም አይተዉም።

ዘይቱን በተመለከተ ጋራዡ ያቀረበልኝ ክዳኑ ከጠፋ ትልቅ ጣሳ የሚቀዳ ነበር። አልተቀበልኩም፤ ከሶማሌ ተራ እሽጉ ያልተከፈተ፣ ዶት 3 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ዓይነት ገዝቼ መጣሁ። በማስተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ዶት 3 ነው፤ ዶት 4ም ከእሱ ጋር ይስማማል፤ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ፈጽሞ አይቀላቀልም። ዶት 3 እና ዶት 4 እርጥበት ከአየር ይስባሉ፤ ክፍት የቆየ ዘይት ያረጀ ዘይት ነው። ደረጃው የሚጠይቀው የመፍያ ሙቀት ለአዲስ ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ 3.7 በመቶ ገደማ ውኃ የሳበ ከሆነ ግን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ በማርሽ ሳይይዝ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ዘይቱ በዚያ ልዩነት መካከል ሊሞቅበት ይችላል፤ ያኔ አዲሱ ዘይት ሳይፈላ ውኃ የሳበው ይፈላል። ጋሼ ነገሩን አልተከራከሩኝም፤ ጣሳውን ግን አልጣሉትም፤ ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። በሌላ በኩል ከጠርሙሱ ጠብ ያለውን ዘይት በውኃ ወዲያው ማጠባቸውን ሳላደንቅ አላልፍም፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና።

ውጤቱን በተመለከተ ፔዳሉ አሁን አጭር ርቀት ተጉዞ ይቆማል፤ የመጀመሪያው ርግጫና ሦስተኛው ርግጫ አንድ ዓይነት ናቸው። መኪናዋን ሰው በማይበዛበት መንገድ ላይ ነድተው ከተመለሱ በኋላ አራቱንም ቸርኬዎች በእጃቸው ዳስሰው ከሌሎቹ ይልቅ የሞቀ እንደሌለ አረጋገጡ። ለመለዋወጫ ያወጣሁት የዘይቱን ዋጋ ብቻ ነው። የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ ከአካባቢው ጋራዦች ከፍ ያለ ቢሆንም ቀደም ሲል በከንቱ ከተለወጠው ማስተር ዋጋ ያንሳል። የተሠራውን ዘርዝረው በጽሑፍ አይሰጡም፤ ደረሰኝ ሲጠየቁ ያቅማማሉ፤ ጊዜም ይወስዳሉ፤ ጠዋት አስገብቶ ለምሳ ሰዓት መኪናውን የሚፈልግ ሰው ይበሳጫል። ኤቢኤስ ያላቸውን መኪኖች «መሣሪያው የለኝም» ብለው ይመልሳሉ፤ ይህን በግልጽ መናገራቸውን እንደ ጥሩ ነገር አየዋለሁ።

አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ አለ። የፊት የጎማ ቱቦዎቹ አልተሰነጣጠቁም፤ ነገር ግን ፔዳሉ በጉልበት ሲረገጥ በእጅ ይዘው ሲዳስሷቸው በትንሹ ሲነፉ ይሰማቸዋል፤ እኔም ይዤ አረጋግጫለሁ። ጋሼ እዚያው ለማስለወጥ አልገፋፉኝም፤ ጥራቱ የተረጋገጠ ጥንድ ቱቦ እስካገኝ ድረስ በከተማ ውስጥ መንዳት እንደምችል፣ ዓባይ በረሃ ግን ከመለወጣቸው በፊት እንዳልወርድ ነገሩኝ። ዕቃውን በማፈላለግ ላይ ነኝ፤ ሲገኝም የማስገጥመው እዚያው ነው።